የፍሪጁ ዋስ ማን ነው?

ሰኔ ወጥቶ ሐምሌ ሲገባ ደባርቅ ላይ ቤት የሚለቅ ሰው ይበዛል። መምህሩ ዝውውር ይደርሰዋል፤ የዞን መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ይመደባል፤ የዕርዳታ ድርጅት ሠራተኛው ኮንትራቱ ያልቅበታል። ሶፋና ቁም ሳጥን ጭኖ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎንደር ከማውረድ እዚያው ሸጦ መሄድ ይቀላል። ድሮ ቢሆን ለጎረቤትና ለቡና አጣጭ ተነግሮ ያልቅ ነበር። አሁን የእቃው ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፤ ከሥሩ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ፣ ዋጋ በድርድር» ተብሎ ስልክ ቁጥር ይጻፋል። ጣጣውም የሚመጣው በዚያ ስልክ ቁጥር በኩል ነው።

ስለ ኢንተርኔት ገበያ ሲወራ ክሱ ብዙ ጊዜ በሻጭ ላይ ነው፤ የሌለ ስልክ የሚሸጥ፣ ቀብድ ተቀብሎ የሚጠፋ፣ የተበላሸውን ደህና ነው የሚል። ገዢን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ብር የያዘ ሰው ምን ያታልላል? ብር መያዙን በዓይን ሳናይ በስልክ መልእክት ማመን ከጀመርን ወዲህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በእኔ ግምት ያገለገለ የቤት እቃ ሽያጭ ላይ ዛሬ ይበልጥ የሚጎዳው ሻጩ ነው። እቃውን አስረክቦ ባዶ እጁን የሚቀረው እሱ ነውና።

ይህ ማታለል በደባርቅና በጎረቤቷ በዳባት ለምን እንደበረታ ለመረዳት ከተሞቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጡ ማየት ያስፈልጋል። ሰሜን ጎንደር ሦስት ቦታ ሲከፈል ደባርቅ የዞን መቀመጫ ሆነች፤ ከዚያ ጋር ቢሮው፣ ሠራተኛው፣ የቤት ኪራዩ መጣ። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ወርደው ሰፈሩ። የ2013ና የ2014ቱ ጦርነት ከሊማሊሞ ሥርና ከዳባት ገጠር ብዙ ተፈናቃይ ወደ ሁለቱ ከተሞች አመጣ፤ በዳባት ወረዳ አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ፤ የዕርዳታ ድርጅቶችም ተከትለው ገቡ። ቱሪስቱ ደግሞ ቀረ። ሰው ሁሉ «የእገሌ ልጅ» እየተባለ የሚተዋወቅበት ከተማ በዐሥር ዓመት ውስጥ ብዙው ሰው እንግዳ የሆነበት ከተማ ሆነ። እንግዳ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ለማለት አይደለም፤ ከመጡት አብዛኞቹ ራሳቸው የተዘረፉ ናቸው። ነገር ግን «ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ማግኘት እንደ ቀድሞው አልቀለለም።

በዚያ ላይ ያገለገለ እቃ ራሱ ተወደደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በቀናት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። አዲስ ፍሪጅ፣ አዲስ ቴሌቪዥን፣ አዲስ ልብስ ማጠቢያ ከውጭ የሚገባ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። ትናንት «ለቆራሌው ልስጠው» ይባል የነበረ እቃ ዛሬ ደህና ገንዘብ ያወጣል። አጭበርባሪ ደግሞ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው።

ማታለያዎቹ በስም ብዙ ናቸው፤ በዘዴ ግን ጥቂት። ዋናውን ቀረብ ብለን እንየው።

አንዲት መምህርት ዳባት ላይ ፍሪጅ ልትሸጥ ለጠፈች እንበል። ስልክ ይደወላል። «እታለም፣ ፍሪጁ አልተሸጠም አይደል?» አልተሸጠም ትላለች። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሃያ ስምንት ሺህ ትላለች፤ ሃያ አምስት ሊላት እንደሚችል አስባ። «እሺ፣ አልከራከርሽም። እኔ አዲአርቃይ ነኝ፤ የንግድ ባንክ ቁጥርሽን ላኪልኝና አሁኑኑ ላስገባልሽ።» እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረባት። በኛ አገር እቃውን ሳያይ፣ በሩን ከፍቶ ሳይዘጋ፣ «ጋዙ ተሞልቶ ያውቃል?» ሳይል፣ አንድ ሺህ እንኳ ሳያስቀንስ የሚገዛ ሰው ወይ ዘመድ ነው ወይ የሚከፍለው ብር የለውም።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልእክት ይገባል። ስሟ አለበት፣ 28 ሺህ ብር አለበት፣ ቀንና ሰዓት አለበት፣ በኤፍቲ የሚጀምር መለያ ቁጥርም አለበት። ወዲያው ስልኩ ይደወላል። «ገባልሽ አይደል? በይ እንግዲህ መኪናው ሊወጣ ነው፣ ባጃጅ ልኬልሻለሁ፣ ለልጁ አስጭኚልኝ።» ባጃጁ በር ላይ ቆሟል። የባጃጁ ልጅ ምንም አያውቅም፤ እቃ አንሥተህ መናኸሪያ አድርስ ተብሏል፣ ኋላ ፖሊስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዘውም እሱ ነው። ፍሪጁ ተጭኖ ይሄዳል። ማታ ሂሳቧን ስታይ ያለው ብር ጠዋት የነበረው ብር ነው።

መልእክቱ ፎርጅድ ነበር። እንዴት ይታወቅ ነበር? ትክክለኛው የንግድ ባንክ የገቢ መልእክት የሂሳብ ቁጥርሽን መካከሉን በኮከብ ሸፍኖ ያሳያል፣ የገባውን ብር ይናገራል፣ መለያ ቁጥሩን ይሰጣል፣ በመጨረሻም አሁን ያለሽን ቀሪ ሂሳብ ይነግርሻል። የቴሌብር መልእክትም ከ127 መጥቶ ቀሪ ሂሳብን ያስከትላል። አጭበርባሪው ሁሉንም መቅዳት ይችላል፤ ባንክ ውስጥ ስንት ብር እንዳለሽ ግን አያውቅም። ስለዚህ ወይ ቀሪውን ይዘለዋል ወይ ከራሱ ይፈጥረዋል። በችኮላ የሚያነብ ሰው የገባውን ብር ያያል እንጂ የታችኛውን መስመር አያይም። ሁለተኛው ምልክት የመልእክቱ መኖሪያ ነው። የባንኩ መልእክት ሁሉ ስልክ ላይ በአንድ መዝገብ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ የደመወዙም፣ የአየር ሰዓቱም፣ የቤት ኪራዩም እዚያው ነው። ፎርጅዱ ግን ከግለሰብ ቁጥር ስለሚላክ ብቻውን አዲስ ቦታ ላይ ይወድቃል። የላኪን ስም ጭምር የሚያስመስሉ መሣሪያዎች በዓለም ላይ አሉና ይህኛው ምልክት ብቻውን አይበቃም። የሚበቃው አንድ ነገር ነው፤ መልእክቱን ትቶ ሂሳቡን ራሱን መጠየቅ። ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ኢንተርኔት አይፈልጉም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዚህ አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። የባንክ መተግበሪያ ከፍቶ ማየት የለመደ ሰው ያን ጊዜ የቀረው አጭር መልእክት ነበር፤ «መልእክቱ ከደረሰህ ብሩ ደርሷል» የሚለውም ልማድ ሆነ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልማዱ አልሄደም። ሌላም አለ። ባንክ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ የደባርቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከባንክ ወደ ባንክ የተላከ ብርም አንዳንዴ በእውነት ይዘገያል። ስለዚህ አጭበርባሪው «ልኬያለሁ፣ ሲስተም ይዞት ነው፣ እስከ ማታ ይገባል» ሲል አዲስ ውሸት መፍጠር አላስፈለገውም፤ ሁላችንም የምናውቀውን እውነት ተውሶ ነው የሚጠቀመው።

ከዚህ በታች ያሉት ማታለያዎች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። «በስህተት 15 ሺህ አስገባሁልሽ፣ ዋጋው 5 ሺህ ነው፣ 10 ሺሁን መልሺልኝ» የሚለው አለ፤ 15 ሺሁ በመልእክት ብቻ የገባ ነው፣ 10 ሺሁ ግን ከእውነተኛ ኪስ ይወጣል። «ኮድ ተልኮልሻል፣ ንገሪኝና ክፍያውን ላጽድቀው» የሚለው አለ፤ ኮዱ ገንዘብ ማስገቢያ ሳይሆን የሂሳቡ ቁልፍ ነው። ደረሰኙ እውነተኛ ሆኖ ተቀባዩ ሌላ ሰው የሆነበትም አለ፤ በስልክ ፎቶ ላይ ስም መቀየር የልጅ ሥራ ሆኗል።

ረቂቁ ግን የሁለት ወገኑ ነው። አጭበርባሪው የመምህርቷን ማስታወቂያ ፎቶ ወስዶ በራሱ ስልክ ቁጥርና በርካሽ ዋጋ እንደገና ይለጥፋል። እውነተኛ ገዢ ሲደውልለት «ፍሪጁ እህቴ ቤት ነው፣ ሄደህ እየው፣ ስለ ዋጋ ግን አታውራት፣ ገንዘቡ የኔ ነው» ይለዋል። ለመምህርቷ ደግሞ «ወንድሜ መጥቶ ያየዋል፣ ክፍያው ከኔ ጋር ነው፣ ከሱ ጋር ዋጋ አታንሺ» ይላታል። ገዢው መጥቶ ያያል፣ ይወደዋል፣ ብሩን በእውነት ይልካል፤ ለአጭበርባሪው። ከዚያ ሁለቱ ቅን ሰዎች በፍሪጁ ግራና ቀኝ ቆመው እርስ በርስ «ሌባ» ይባባላሉ። በብራዚል የኢንተርኔት ገበያዎች ይህ ማታለያ ከታወቀ ቆይቷል። የሚሠራውም ጨዋነታችንን ስለሚጠቀም ነው፤ ፊት ለፊት የቆመን ሰው «ስንት ልትከፍል ነው? ለማን?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለናል። ይሉኝታ እዚህ ላይ ለሌባው ተቀጥሮ ይሠራል።

ሌላው ዓለምም ከዚህ አልዳነም። ናይጄሪያውያን ለሐሰተኛው የባንክ መልእክት «ፌክ አለርት» የሚል ስም ከሰጡት ሰንብቷል፤ ኬንያውያንም ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ከተጀመረ ወዲህ የሐሰት መልእክቱን፣ «በስህተት ላክሁ» ባዩን፣ ሁሉንም አይተውታል። እኛ ቴሌብርን ያገኘነው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ኢትዮ ቴሌኮም ይናገራል። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ፍጥነት ገንዘቡን ወደ ስልክ ሲያስገባ ልምዱ ከገንዘቡ ኋላ መቅረቱ አያስገርምም።

እስከዚህ ያለው ነገር «ተጠንቀቁ» ለማለት ይበቃል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ያበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ አገር የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገበያዩ የኖሩት ዛሬ አይደለም። ሊማሊሞን ወጥተው የሚወርዱ ነጋዴዎች ከጎንደር ወደ ምጽዋ ለዘመናት ሲመላለሱ ነበር። ታዲያ ምን ይዟቸው ነበር?

ዋስና እማኝ። እስካሁንም የከብት ገበያ ላይ ያለ ነገር ነው። የማይታወቅ ሰው በሬ ሲሸጥ ገዢው «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ የሚያውቀው ሰው መጥቶ ከብቱ የራሱ መሆኑን ይመሰክራል፤ ኋላ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ዋሱ ይጠየቃል። በዱቤ የሚወስድ ሰውም ያለ ዋስ አይወስድም። ዋሱ ባለጠጋ መሆን የለበትም፤ አድራሻው የሚታወቅና ስሙን የሚወድ ሰው መሆኑ ይበቃል። ነገር ከተበላሸ ደግሞ ቁራኛ ነበር። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ባለዕዳና ባለገንዘብ የልብሳቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ሲብስም በሰንሰለት ተቆራኝተው፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ጭካኔ ነበረበት፤ ባለገንዘቡም ራሱ ታስሮ ይሰነብታል። ነገር ግን አንድ ችግር አልነበረበትም፤ ባለዕዳው አይጠፋም። ዛሬ የመምህርቷ ባለዕዳ ስልኩን ሲዘጋ ያልቃል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በስልክ ግን ሁሉም አገር የማያውቁት አገር ነው፣ ቁርበቱም ሳንጠየቅ ይነጠፋል።

ሕጉስ? ሕግ የለም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሌላ ስምምነት ከሌለ ክፍያና ርክክብ በአንድ ጊዜ መፈጸም አለባቸው፤ ማለትም ብሩ ሳይገባ እቃውን አልሰጥም ማለት ክፋት ሳይሆን መብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሌላውን ሰው በሐሰት አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም የሚያደርገውን በአታላይነት ይቀጣል፤ ቅጣቱ እንደ ጉዳዩ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። አንቀጽ 693 ስንቅ የሌለው ቼክ የሚሰጠውን ይቀጣል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በኮምፒውተር የሚፈጸም ማጭበርበርንና ሐሰተኛ መረጃ ማዘጋጀትን ለብቻው ወንጀል አድርጓል። ቼክን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቼክ ወረቀት ብቻ እንዳይሆን መንግሥት በሕግ ዋስ ቆመለት፤ ስንቅ የሌለው ቼክ የያዘ ሰው ባንክ ሄዶ ማስረጃ አጽፎ ለፖሊስ ያቀርባል፣ መንገዱ የታወቀ ነው። ሐሰተኛ መልእክት የያዘ ሰው ግን የት ሄዶ ምን ያጽፋል?

መምህርቷ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች እንበል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ማታለል ነው ወይስ ዕዳ?» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። እከፍላለሁ ብሎ ወስዶ ያልከፈለ ሰው ባለዕዳ ነው፤ ጉዳዩም የፍትሐ ብሔር ነው። ሲጀመር ላለመክፈል አስቦ ሐሰተኛ መልእክት የላከ ሰው ግን ወንጀለኛ ነው። ልዩነቱ ያለው መልእክቱ ላይ ነውና መልእክቱን ማጥፋት የለባትም፤ በንዴት ብዙዎች የሚያጠፉት ግን መጀመሪያ እሱን ነው። ቀጥሎ ስልክ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ቴሌኮሙ ለእሷ አይነግራትም፤ የሂሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ባንኩ አይነግራትም። ለፖሊስ ወይም ለፍርድ ቤት በደብዳቤ ነው የሚነግሩት። ይህም በራሱ ክፉ አይደለም፤ የማንም ምስጢር ለጠየቀ ሁሉ እንዲሰጥ የሚፈልግ የለም። ግን ደብዳቤው ከዳባት ተጽፎ፣ ሄዶ፣ መልስ እስኪመጣ ፍሪጁ ተሸጦ፣ የሸጠውም ሲሙን ጥሎ ይሆናል። ለሃያ ስምንት ሺህ ብር ስንት ቀን ከክፍል ቀርታ ትመላለስ? ብዙው ሰው ያሰላና ይተወዋል። አጭበርባሪውም የሚያሰላው ይህንኑ ስሌት ነው።

ዱካ ስለሌለ ነው እንዳይባል፣ ዱካ እንዳለ አገር ሙሉ ያየበት ቀን አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ፤ ዜናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ባንኩ ያላግባብ የተወሰደበት 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ ምን ሆነ? እያንዳንዱ ብር ወደየት ሂሳብ እንደሄደ ያውቅ ስለነበር ለመለሱ ምሕረት አድርጎ፣ ላልመለሱ ስማቸውንና ፎቷቸውን በአደባባይ ለጠፈ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን መልሱ አሉ። አብዛኛው ገንዘብ ተመለሰ። ፎቶ መለጠፉን ብዙዎች ተቃውመውታል፤ እኔም የፍርድ ቤትን ሥራ ባንክ ሲሠራው ደስ አይለኝም። ግን አንድ ነገር ታይቷል፤ ባለጉዳዩ ትልቅ ሲሆን የዲጂታል ቁራኛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሠራል።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። በፎርጅድ መልእክት የተታለለ ሰው ዱካው ባንክ ውስጥ የለም፤ የተንቀሳቀሰ ብር የለምና። የሱ ዱካ ስልክ ቁጥሩ፣ ባጃጁና መናኸሪያው ነው። «ትርፉን መልሺልኝ» የተባለችውና በሁለት ወገኑ ማታለያ የተበላው ገዢ ግን ዱካቸው ባንክ ወይም ቴሌብር ውስጥ ቁጭ ብሏል። እነዚህ ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ቢያመለክቱ፣ ተቀባዩ ሂሳብ ለጊዜው እንዲታገድ የሚያደርግ አጭርና የታወቀ መንገድ ቢኖር፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ይያዝ ነበር። የንግድ ባንክ 951 እና የኢትዮ ቴሌኮም 994 አሉ፤ ተታለልኩ ባይ መጀመሪያ መደወል ያለበትም እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ወደዚያው ወደ ደብዳቤው ይመለሳል።

ዋስን ወደ አዲሱ ገበያ ማስገባት የማይቻል ነገርም አይደለም፤ በራሳችን አገር ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የፈታው ይህንኑ ችግር ነበር። ከዚያ በፊት የሰሊጥና የቡና ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ምርቱን ልኮ ገንዘቡን ይጠብቅ ነበር፤ ስንቱ ነጋዴ በዚህ እንደከሰረ የጎንደር ሰው ያውቀዋል። በምርት ገበያው ግን ሻጩ ምርቱን መጋዘን ያስገባል፣ ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል፤ ገዢው ቀድሞ ገንዘቡን ባንክ ያስቀምጣል፤ ግብይቱ ሲፈጸም ብሩ በማግስቱ ወደ ሻጩ ይገባል። ማንም ማንን ማመን አላስፈለገውም። ሑመራ፣ መተማና ጎንደር መጋዘኖች አሉት፤ ጎንደር ከዳባት የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። የሰሊጥ ኩንታል ዋስ አለው፣ ፍሪጅ ግን የለውም።

ቻይናዎች ለፍሪጁም አደረጉት። ታኦባኦ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት እንቅፋት የሆነው ይኸው አለመተማመን ነበር፤ ኩባንያው ያመጣው አሊፔይ መጀመሪያ ላይ ዋስ እንጂ ባንክ አልነበረም። ገዢው ከፍሎ ብሩ መካከል ላይ ይቆያል፣ እቃው ሲደርሰው «ደርሶኛል» ይላል፣ ያን ጊዜ ለሻጩ ይለቀቃል። እከፍላለሁ እያለ ያልከፈለ ገዢ ካለ እቃው አይላክም፤ እቃ ያልላከ ሻጭ ካለ ብሩ ይመለሳል። ለዚህ የሚያስፈልገው መሠረት በኛም አገር አለ። ቴሌብር አለ፣ ወኪሎቹም በየከተማው አሉ። የጎደለው አንድ ወኪል በሱቁ ውስጥ ሁለት ሰው አስቀምጦ «ብሩ እኔ ጋ ተቀምጧል፣ እቃውን ጫን» የሚልበት፣ ለዚህም አገልግሎት ትንሽ ኮሚሽን የሚያገኝበት፣ ካጭበረበረም ፈቃዱን የሚያጣበት አሠራር ነው። እንደ ምርት ገበያው ሰፊ ሕንፃ አይጠይቅም።

ብዙዎች ተስፋ የጣሉት በዲጂታል መታወቂያው በፋይዳ ላይ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ብሔራዊ ባንክ ለአዲስ ሂሳብ ፋይዳን ግዴታ ማድረግ የጀመረው በ2017 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ነው፤ ቀስ በቀስም ወደ ክልሎች እየሰፋ ነው። አንድ ሰው በአምስት ስም አምስት ሂሳብ እንዳይኖረው ይረዳል። ነገር ግን በራሱ ሂሳብ ለሌባ ብር ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ድሀ አያቆመውም፤ ከጃናሞራና ከበየዳ ወርዶ መታወቂያ ያላገኘውን ገበሬ ደግሞ ከገበያው ውጭ ሊተወው ይችላል። መታወቂያ ማን እንደሆንክ ይናገራል፤ ዋስ ደግሞ ብትጠፋ ማን እንደሚከፍል ይናገራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እስከዚያው ሰዎች የራሳቸውን ዘዴ እያበጁ ነው። ጠንቀቅ ያለ ሻጭ ገዢውን ባንክ አዳራሽ ይቀጥረዋል፤ ብሩ በመስኮቱ ሲገባለት ከሠራተኛው አፍ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ እቃው ይሄዳሉ። ባንክ በሚዘጋበት ጊዜ ትልቅ እቃ አልሸጥም የሚል አለ። እቃው ወደ አዲአርቃይ ወይም ወደ ጃናሞራ ከሆነ የሚሄደው፣ ለረዳቱ «ደውዬ ልቀቅ እስክልህ እንዳትሰጥ» ብሎ የሚጭን አለ፤ ረዳቱም ሳያውቀው ዋስ ሆነ ማለት ነው። ሁለት ቅጂ የሽያጭ ወረቀት ጽፎ ሦስት እማኝ የሚያስፈርም፣ የመታወቂያ ፎቶ የሚያነሣም አለ፤ ይህ ገዢንም ይጠቅማል፣ ነገ እቃው የተሰረቀ ነው ቢባል በቅን ልቦና መግዛቱን የሚያሳይበት ነው።

የሚቀረው ጥያቄ የመናኸሪያው ነው። በደባርቅ መናኸሪያ በኩል የሚያልፈው የቤት እቃ ብዙ ነው፤ እቃ ተቀባዩ ማን እንደሆነ የሚጽፍ መዝገብ ግን የለም። ላኪ፣ ተቀባይ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ «ክፍያው ተጠናቋል» የሚል የሻጭ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት የትራንስፖርት ማኅበራቱን ብዙ አያስወጣቸውም። ያን ወረቀት ማን ያትመው፣ መዝገቡንስ ማን ይያዘው በሚለው ላይ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ፖሊስና ማኅበራቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው፤ የሚቻል ከሆነም የሚቀጥለው ሐምሌ ከመድረሱና የዝውውር ደብዳቤው ከመታደሉ በፊት።